«ባሕሩስ የማን ነው?» በነባር ሕዝቦች መሬትና ባሕር አስተዳደር ድኅረ ምረቃ ለመማር ለምታስቡ፤ ጥያቄና መልስ

ያጠናሁትም የምሠራውም በሰሜን አውስትራሊያ ስለሆነ፣ መልሶቼ የዚያን አገር ሁኔታ የሚመለከቱ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በአገራችን ከሚሰጠው የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር ትምህርት በምን ይለያል?

መልስ፦ በመነሻው። እኛ አፈሩን፣ ውኃውንና ደኑን በማጥናት እንጀምራለን። እዚህ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «መሬቱ የማን ነው? ስለ እርሱ የመናገር ሥልጣንስ ያለው ማን ነው?» የሚል ነው። እንግሊዞች አህጉሩን ባለቤት እንደሌለው ቆጥረው ያዙት። ይህን አስተሳሰብ የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት የሻረው ሰኔ 3 ቀን 1992 ሲሆን፣ ከከሳሾቹ ዋነኛው፣ በሰሜን ጫፍ ባለው በቶረስ ስትሬት ባሕር የሜር ደሴት ሰው ኤዲ ማቦ፣ በዚያው ዓመት ጥር ወር አርፎ ስለነበር ውሳኔውን አልሰማም። በቀጣዩ ዓመት የነባር ሕዝቦች የመሬት መብት ሕግ ወጣ። ስለዚህ ሥነ ምኅዳር ልታጠና ብትመጣም ሕግና ታሪክ ማንበብህ አይቀርም።

ጥያቄ፦ መሬት ይገባኛል። ውኃ ግን አጥር የለውም፤ ባሕር እንዴት የአንድ ማኅበረሰብ ይሆናል?

መልስ፦ ይህን የጠየቅሽ እኅቴ፣ የትምህርቱን እምብርት ነክተሻል። በሰሜን አውስትራሊያ በአርነም ላንድ የሚኖሩት የዮልንጉ ሕዝቦች ባሕሩንም እንደ የብሱ በጎሳ ያውቁታል፤ እያንዳንዱ ክፍል ስም፣ ዜማና ተጠያቂ አለው። በ1996 እዚያው ባለው በብሉ ማድ ቤይ ባሕረ ሰላጤ፣ የአዞው ቅድመ አያታቸው ማደሪያ ብለው በሚያከብሩት ስፍራ፣ ባራሙንዲ የተባለውን ዓሣ ያለ ፈቃድ የሚያጠምዱ ሰዎች ሰፈር ተገኘ። እዚያም በጆንያ ውስጥ የተቆረጠ የአዞ ራስ ነበር። የአካባቢው ሠዓሊዎች የትኛው ውኃ የማን እንደሆነ በዛፍ ልጥ ላይ ሥለው አሳዩ፤ 80 ሥዕሎች ሠሩ። ሙግቱም ቀጥሎ በሐምሌ 2008 ፍርድ ቤቱ፣ በአቦርጂናል (የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ) መሬት ላይ ባሕሩ ሲሞላ የሚሸፈነውና ሲጎድል የሚገለጠው ዳርቻ የባለቤቶቹ ፈቃድ ሳይኖር እንደማይገባበት ወሰነ። ውሳኔው አርነም ላንድ የሚገኝበትን የኖርዘርን ቴሪቶሪ ግዛት የባሕር ዳርቻ 80 በመቶ ያህል ይነካል። ከዚያ ወዲያ ላለው ባሕር ግን በ2001 የተሰጠው ፍርድ መብቱን ቢቀበልም ሌላውን የመከልከል ሥልጣን አልሰጠም። ለእኔ ይህ ጎዶሎ ፍትሕ ነው። ባለቤትነቱን ተቀብሎ በሩን መዝጋት መከልከል ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ የአባቶች ዕውቀት ክቡር ነው፤ ግን በሳይንስ ይመዘናል?

መልስ፦ ተመዝኗል። በምዕራብ አርነም ላንድ ደጋ ሰዎች ወደ ሚሲዮንና ወደ ከተማ ሲወሰዱ አገሩ ያለ ጠባቂ ቀረ። ሣሩ ክው ብሎ ከደረቀ በኋላ የሚነሣው እሳት ዓለቱን አልፎ ፍሬ የሚሰጡትን ዛፎች ሳይቀር ይበላ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ያዘዙት ቀድሞ ማቃጠልን ነው፦ ዝናቡ እንዳባራ፣ ሣሩ ግማሽ እርጥብ ሳለ፣ በእግር እየሄዱ እዚህም እዚያም መለኮስ። ነበልባሉ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ ሌሊት ጤዛው ያጠፋዋል፤ የተቃጠለውና ያልተቃጠለው እየተፈራረቀ ለኋለኛው ትልቅ እሳት መግቻ ይሆናል። ተመራማሪዎች ጭሱን ለክተው የሚወጣው የሙቀት አማቂ ጋዝ እንደሚቀንስ አረጋገጡ። ከ2006 ጀምሮም በ28,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ለሚሠራው ሥራ በዳርዊን ከተማ ያለ የተፈጥሮ ጋዝ ፋብሪካ የራሱን የጋዝ ልቀት ለማካካስ ይከፍል ጀመር። ሽማግሌና ሳይንቲስት አብረው የሠሩትን ሥራ ማየት የሚፈልግ ከዚህ ይጀምር።

ጥያቄ፦ የግብርና ዲግሪ ያለው ኢትዮጵያዊ ማመልከት ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። አንዳንድ የትምህርት ዕድሎች ለአቦርጂናልና ለቶረስ ስትሬት ሰዎች ብቻ የተመደቡ ናቸው፤ ተገቢም ነው። የምርምር ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ከሆነ ለውጭ ተማሪዎችም ክፍት የሆነ የመንግሥት የምርምር ድጋፍ አለ፤ ፉክክሩ ግን ብርቱ ነው። ከማመልከትህ በፊት አማካሪ ፈልግ።

ጥያቄ፦ መጠይቄን አዘጋጅቻለሁ። ሰዎቹን እንዴት ላግኛቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጠይቁን ለጊዜው አስቀምጠው። ጥያቄው ራሱ ከእነርሱ ጋር መነደፍ አለበት። በኖርዘርን ቴሪቶሪ አቦርጂናል መሬት ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ደግሞ ማኅበረሰቡ መስማማቱን፣ የሚሰበሰበው መረጃ የማን እንደሚሆንና ውጤቱ በምን መልክ እንደሚመለስላቸው ይጠይቅሃል። ለሴቶች ብቻ የሚነገር፣ ለወንዶች ብቻ የሚነገር፣ ለሌላ ጎሳ ከቶ የማይነገር ዕውቀት አለ። «ይህን አትጻፍ» ከተባልህ አትጽፍም፤ የጥናቱ ዋና ግኝት ቢሆንም። ሐዘን ከሆነ ሥራው ይቆማል፣ ትጠብቃለህ። ለዚህ በጊዜ ሰሌዳህ ቦታ ካልተውህ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ሌላ መስክ ምረጥ።

ጥያቄ፦ ለአገራችን ይጠቅማል?

መልስ፦ እጅግ። የመንዝ ጓሳ ሰዎች ሣሩን ለዓመታት ዘግተው የሚጠብቁበት ሥርዓት ነበራቸው፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም አብረው ተጠብቀዋል። ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲላላ ምን እንደደረሰ የሚያውቁ ዛሬም አሉ። እነዚያን ሰዎች መረጃ ሰጪ ብቻ አድርገን መቁጠር ማቆም አለብን።

ጥያቄ፦ ከመምጣቴ በፊት ምን ልማር?

መልስ፦ በኮምፒውተር ካርታ መሥራትና መሠረታዊ ስታቲስቲክስ። መንጃ ፈቃድም አውጣ፤ ኮረኮንች ላይ መንዳት ተለማመድ። ማኅበረሰቦቹ ከከተማ ብዙ ይርቃሉ፤ ክረምት ሲገባም መንገዱ ይቆረጣል።