50 ወይስ 24? ስለ መጀመሪያ ፕራይም ሌንስ

ሰላም ወንድሜ። ካኖን 250ዲ አለኝ፣ ሐረር ጀጎልንና የቤት ውስጥ ዝግጅት ለማንሳት ፕራይም ሌንስ (ዙም የማያደርግ ሌንስ) 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ልግዛ ወይስ 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ብለሃል። ሚሊ ሜትሩ ሲያንስ ሰፋ አድርጎ ያሳያል፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ደግሞ ብዙ ብርሃን ያስገባል። እኔ ብሆን 24ቱን ነው የምገዛው።

ሁሉም «50 ግዛ» ይልሃል። እውነታቸውን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ብርሃንም ያስገባል። ግን የካሜራህ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አነስ ያለ ስለሆነ 50ው እንደ 80 አጥብቦ ነው የሚያሳይህ። መኪና ግርግር (የጀጎል ልብስ ሰፊዎች ጠባብ መንገድ) ላይ አንዱን ልብስ ሰፊ ከነስፌት መኪናው ላንሳው ስትል (መጀመሪያ አስፈቅደው እንግዲህ) ጀርባህ ግድግዳ ይነካል፤ የሚገባልህ ግን ፊቱ ብቻ ነው። የሐረሪ ቤት ውስጥማ አይወራ! መደቡንና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት አንድ ላይ ማስገባት ይከብድሃል። 24ቱ ወደ 38 ስለሚጠጋ ይሻልሃል። እስከ 16 ሳንቲ ሜትር ቀርቦ ፎከስ ስለሚያደርግም የስፌቱን አክርማ አንድ በአንድ ያወጣልሃል።

ፍላጎትህ የሰው ፊት ብቻ ከሆነ፣ ወይም ማታ ጅብ ሲቀለብ ማንሳት ካማረህ ግን 50ውን ያዝ። ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ኪት ሌንስህ 55 ላይ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ኤፍ 1.8 ማለት ከዚያ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ነው።

ገና ካልቆረጥክ የኪት ሌንስህን ዙም 24 ላይ በፕላስተር እሰርና ጀጎልን ዙር፤ በማግስቱ 50 ላይ። ያገለገለ ሌንስ ካገኘህ ደግሞ የስልክህን መብራት ከኋላ አብራበት። ውስጡ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካየህ ፈንገስ ነው፣ በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ።