ቤት ውስጥ ሕመምተኛ እያለ ቡሄ ይከበራል?

ጥያቄ፦

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የአራዳ ጊዮርጊስ አጥቢያ ምእመን ነኝ። የጡት ካንሰር ታምሜ ኬሞ እየወሰድኩ ነው። ፀጉሬ ረግፏል። ኬሞ በወሰድኩ ቁጥር ለጥቂት ቀናት ከአልጋ አልነሣም። በየዓመቱ ለቡሄ ሙልሙል እጋግር ነበር። ትንሹ ልጄ ሰሞኑን «እማዬ፣ ዘንድሮም ትጋግሪያለሽ?» አለኝ። አማቴ ሰምተው «ቤት ውስጥ በሽተኛ ተኝቶ ምን ሆያ ሆዬ ነው!» አሉ። ባለቤቴ ዝም አለ። ጎረቤቶቻችንም በ2016 ሰፈሩ ሲነሣ ተበትነዋል፤ ቤቱ ጭር ብሏል። እኔ ግን መጋገር እፈልጋለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ማታ ማታ ከልጆቼ ጋር ስስቅ ደስ ይለኛል። ከዚያ ደግሞ «ንስሐ መግባት ሲገባኝ ምን ያስቀኛል? ይህ ሕመም በኃጢአቴ የመጣ ቢሆንስ?» እያልኩ እጨነቃለሁ። ፍልሰታንም መጾም አልቻልኩም። አንዳንዶች «ኬሞውን ትተሽ ጠበል ግቢ» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦

እኅቴ ሆይ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ፤ ምሕረቱን ያውርድልሽ።

ከልጅሽ ጥያቄ ልጀምር። ጋግሪ። አቅም ካነሰሽ ልጆቹ ያቡኩ፤ አንቺ አጠገባቸው ተቀምጠሽ አሳያቸው። ኬሞ ላይ ያለ ሰው አንዳንዴ የምግብ ሽታ ያስጠላዋል። እንዲህ ከሆነብሽ ሊጡ ዘመድ ቤት ሄዶ ይጋገር። ዘንድሮ ሙልሙሉ ቢያንስም፣ ቅርጹ ቢበላሽም ግድ የለም። ቡሄ ግን ከቤትሽ አይቅር።

ይህን የምለው ልጆቹ እንዳይከፋቸው ብዬ ብቻ አይደለም። የበዓሉን ታሪክ አስቢው። ደብረ ታቦር ከዘጠኙ የጌታ ዐበይት በዓላት አንዱ ነው። ጌታ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ ወጣ። ፊቱ እንደ ፀሐይ በራ። ሙሴና ኤልያስም ተገለጡ። ስለ ምን እንደ ተነጋገሩ የነገረን ሉቃስ ነው። በኢየሩሳሌም ስለሚፈጸመው ስለ ሞቱ ነበር (ሉቃ. 9፥31)። በዚያ ሁሉ ብርሃን መካከል ሞት ተነሣ። ብርሃኑ ግን አልደበዘዘም። ጴጥሮስም «በዚህ መሆን ለእኛ መልካም ነው» ያለው በዚያው ቦታ ነው።

ከተራራው ሲወርዱስ ማን ጠበቃቸው? የታመመ ልጅና አባቱ። ጌታ «ይህ ከያዘው ስንት ዘመን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አባትየው «ከሕፃንነቱ ጀምሮ» አለ። ዓመታት በሕመም የደከመ ቤተሰብ ነው። ያ አባት ለጌታ የሰጠው መልስ ለአንቺም ለባለቤትሽም ይሆናል፤ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» (ማር. 9፥24)። ጌታ «እምነትህ ሙሉ አይደለም» ብሎ አልመለሰውም። ልጁን ፈወሰለት። እንግዲህ ቡሄ የጤነኞች ብቻ በዓል እንዳይመስልሽ። ወንጌሉ ሕመምተኛ ያለበትን ቤት ከበዓሉ ታሪክ ጋር አያይዞ ነው የጻፈው።

በአማትሽ አትቀየሚ። ክፋት የላቸውም። በሀገራችን ልማድ ሐዘን ባለበት ቤት አይዘፈንም፣ አይደገስም። ደግ ልማድ ነው፤ ለሰው ማዘንን ያስተማረን እሱ ነው። ነገር ግን ያ የልቅሶ ቤት ሥርዓት ነው። አንቺ በሕይወት አለሽ። በሕይወት ባለ ሰው ቤት አስቀድሞ ልቅሶ መቀመጥ ለታማሚውም ለልጆቹም ከባድ ነው። ልጆች ነገሩን በራሳቸው መንገድ ይተረጉሙታል። ቡሄ ሲቀር፣ ልደት ሲቀር፣ ሳቅ ሲቀር «እማዬ ልትሞት ነው ማለት ነው» ይላሉ። ለአማትሽ ይህን በጨዋ ቃል የሚነግራቸው ባለቤትሽ ቢሆን ይሻላል፤ ልጃቸው ነውና ይሰሙታል። ከሙልሙሉም የመጀመሪያውን ለእሳቸው ስጪ።

አሁን ወደ ሳቅሽ እንምጣ። ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤን የነካኝ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሕመምተኛ ምእመናን እንዲህ ሲጨነቁ አያለሁ። መዳን ሲመጣ ደስ እንደሚላቸው ይነግሩኛል። እስከዚያው ግን ደስታን እንደ ድፍረት ይቆጥሩታል። እንዲህ ሲሆን ዓመቱ ያልፋል። ልጅ ያድጋል፤ እናቱን ስትስቅ ሳያያት።

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈውን መልእክት ዛሬ ማታ አንብቢው፤ አራት ምዕራፍ ብቻ ነው። ጳውሎስ እስር ቤት ነው። ሊረዳው የመጣው አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። ጳውሎስ እንደ ፈራ አልደበቀም። እግዚአብሔር ለአፍሮዲጡ ምሕረት ባያደርግለት ኀዘን በኀዘን ላይ ይጨመርብኝ ነበር ይላል (2፥27)። «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» ያለውም በዚሁ ደብዳቤ ነው (4፥4)። ፍርሃቱም፣ ሐዘኑም፣ ደስታውም በአንድ ብራና ላይ ነው ያሉት። ስለዚህ ማታ ከልጆችሽ ጋር ስትስቂ በሽታሽን አልካድሽም፤ ንስሐሽንም አልረሳሽም። መጽሐፈ ሲራክም የልብ ደስታ ለሰው ሕይወቱ እንደ ሆነ ያስተምራል (ሲራ. 30)።

ንስሐን በተመለከተ፣ የንስሐ አባትሽን ቤት ድረስ ጥሪያቸው። ተናዘዢ፤ የሚሰጡሽንም ቀኖና ተቀበይ። ሕመምሽን ያውቃሉና እንደ አቅምሽ ያደርጉልሻል። ከዚያ በኋላ የተናዘዝሽውን ኃጢአት በየሌሊቱ እያነሣሽ አትቁጠሪ። ተፈትቷል። ንስሐ የገባ ሰው ፊቱን ማጥቆር የለበትም፤ ጌታ ስለ ጾም ሲያስተምር እንኳ እንደ ግብዞች አትጠውልጉ ብሏል (ማቴ. 6፥16)።

ሕመሙ ስለ ኃጢአቴ ይሆን ወይ ላልሽው፣ ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ነበር። ጌታ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» አላቸው (ዮሐ. 9፥3)። እንዲህ ያለ ወሬ ይዞብሽ የሚመጣ ጠያቂ ካለ ይህን ጥቅስ አንብቢለት።

ስለ ጠያቂዎች ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የሚለውን የጌታን ቃል ሁላችንም እናውቃለን። አጠያየቁን ግን ብዙዎቻችን አናውቅበትም። ልጆች ፊት «ሐኪሞቹ ምን አሉ?» ብሎ ማንሾካሾክ፣ በር ላይ ማልቀስ፣ «የእገሊትም እንዲሁ ጀምሯት ነው የሞተችው» ማለት መጠየቅ አይባልም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አድርገው ነበር። ጥፋታቸው የመጣው መናገር ሲጀምሩ ነው። የተበተኑ ጎረቤቶችሽን በስልክ ጥሪያቸው፤ ለቡሄ ተራ በተራ ጎራ ይበሉ። ኬሞ ሰውነት በሽታ የሚከላከልበትን አቅም ያዳክማልና ጉንፋን የያዘው ሰው ግን በስልክ ብቻ ሰላም ይበልሽ። ነሐሴ 12 ማታ ችቦ ሲበራም ከጭሱ ራቅ በይ፤ ልጆቹን ከበር ሆነሽ እያቸው።

ደስ ይበልሽ ስልሽ አታልቅሺ ማለቴ አይደለም። ጌታ በአልዓዛር መቃብር ፊት እንባውን አፍስሷል። ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ። ለልጆችሽም «ዛሬ አሞኛል፣ ትንሽ አልቅሻለሁ» ብትያቸው ከመደበቅ ይሻላል። የባለቤትሽ ዝምታም የፍርሃት ይመስለኛል። ወንዶች ሲፈሩ ብዙ ጊዜ ዝም እንላለን። ብዙ ንግግር አትጠይቂው። ማታ እጅሽን ይዞ አቡነ ዘበሰማያትን እንዲደግምልሽ፣ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን መዝሙር እንዲያነብልሽ ብቻ ለምኚው። ድምፁ ሲከፈት ሌላውም ቀስ ብሎ ይወጣል።

ኬሞውን ስለማቋረጥ ግን በጥብቅ እነግርሻለሁ። አታቋርጪ። ጠበል የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ በጠበል ለተፈወሱትም እናመሰግናለን። መድኃኒትም የእርሱ ስጦታ ነው። ሲራክ 38 ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣ ይናገራል። ንጉሥ ሕዝቅያስ ሊሞት ታሞ ሲያለቅስ እግዚአብሔር በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ተስፋውን ብቻ ነግሮት አልሄደም፤ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ (2ነገ. 20)። በእኛም ዘመን፣ ብዙ የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበል ብለው መድኃኒት ሲያቋርጡ፣ ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑ በግልጽ ተናግረዋል። ቃሉ ለካንሰርም ይሠራል።

ጠበል መጠመቅ ከፈለግሽ ሐኪምሽን አማክሪ። በነሐሴ ብርድ ማለዳ መጠመቅ፣ ያልተፈላ ውኃ መጠጣት ለአንቺ አሁን ሊከብድ ይችላል። ካህኑ ቤት መጥተው በጥቂቱ ቢረጩሽ በረከቱ አይቀንስም። ትኩሳት ከተነሣብሽ ደግሞ ይበርድልኛል ብለሽ አትደሪ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ። ኬሞ ላይ ላለ ሰው ትኩሳት ቀልድ አይደለም።

ብዙዎች የሚረሱት አንድ ምሥጢርም አለ። ከሰባቱ የቤተ ክርስቲያን ምሥጢራት አንዱ ምሥጢረ ቀንዲል ነው፤ ካህናት ጸልየው ሕመምተኛውን ዘይት የሚቀቡበት፣ ለሕሙማን የተሠራ ነው። «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ወደ እርሱ ይጥራ» ያለው ያዕቆብ ነው (5፥14)። ሰው ሊሞት ሲል ብቻ የሚደረግ የሚመስላቸው አሉ፤ ተሳስተዋል። ካህናቱን አሁኑኑ አስጠሪ። ልጆችሽም አጠገብሽ ቆመው ጸሎቱን ይስሙ።

ጾሙን በተመለከተ አትጨነቂ። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ የታመመን ሰው አያስገድድም። ሐኪም ያዘዘልሽን ወተትም እንቁላልም ብይ። ልጆቹ ከቅዳሴ ሲመለሱ የሰሙትን እንዲነግሩሽ አድርጊ። ለመቁረብ ካሰብሽ፣ የ18 ሰዓቱን ጾምና የመድኃኒትሽን ሰዓት እንዴት እንደምታስማሚ የሚወስኑልሽ የንስሐ አባትሽ ናቸው። ሳታማክሪያቸው መድኃኒት እንዳትዘይ።

የክርስትና ስምሽን ላኪልኝ። የልጆችሽን፣ የባለቤትሽንና የአማትሽንም ጨምሪበት። በጸሎት እናስባችኋለን።