ጥያቄና መልስ፦ እግር ስንት ያወጣል?

ከከተማዋ ዳር ዳር ሰፈሮች ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ እግርና ስለ ብስክሌት ናቸው።

ጥ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ጠዋት እስከ ታክሲ ተራ 20 ደቂቃ፣ ማታ ስመለስም 20 ደቂቃ በእግሬ ነኝ። ልጆቼ «ስፖርት ሥሪ» ይሉኛል። ይሄ አይቆጠርም?

መ፦ ይቆጠራል እንጂ እናቴ! የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እርስዎ በአምስት የሥራ ቀን 200 ደቂቃ ይሄዳሉ። ወሬ ማውራት እየቻሉ መዝፈን የሚያቅትዎት ፍጥነት ከሆነ በቂ ነው። ድርጅቱ የእግርና የብስክሌት ጉዞን ጥቅም በገንዘብ ጭምር የሚያሰላበት፣ ሂት (HEAT) የተባለ በኢንተርኔት የሚሠራ መሣሪያም አለው። በእሱ ስሌት በሳምንት 168 ደቂቃ የሚራመዱ ሰዎች ያለ ዕድሜ የመሞት ዕድላቸው በ11 በመቶ ይቀንሳል፤ በብስክሌት ከሆነ 100 ደቂቃ 10 በመቶ ይቀንሳል። የእርስዎ 200 ደቂቃ ወደ 13 በመቶ ይጠጋል ማለት ነው። ስሌቱ ግን ለብዙ ሕዝብ እንጂ ለአንድ ሰው የተሠራ አይደለም። በክረምት ፌስታል አንጠልጥለው የሚረግጡትን ጭቃም አያውቀውም።

ጥ፦ ጀሞ ነኝ፤ ብስክሌት ልገዛ ነው። የሲኖትራኩ ጭስ የማገኘውን ጥቅም አይበላውም?

መ፦ ግዛ ወንድሜ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ይህንኑ አስልቶ ነበር። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 100 ማይክሮግራም ደቃቅ ብናኝ ባለበት ከተማ እንኳ ጉዳቱ ከጥቅሙ የሚበልጠው በቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሲነዳ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ከጭሱ ይልቅ ራሱ ሲኖትራኩ ነው። ቢያንገጫግጭህም በውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶኑ ሂድ።

ጥ፦ በእግሬ ስሄድ የሚተርፈኝ የታክሲ ሒሳብስ?

መ፦ እሱም ጥቅም ነው። የጫማ ሶል ግን ቀንሱበት።

ጥ፦ የየካ አባዶ ሰፈር ኮሚቴ ነን። የእግረኛ መንገድ እንዲሠራልን ብንጠይቅ «ተጠቃሚው ስንት ነው?» ተባልን።

መ፦ ቁጠሩና ንገሯቸው። ሁለት ሰው ደብተር ይዞ አንድ ቦታ ይቁም፤ ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ በሥራ ቀንም ቅዳሜም። ዝናብ በጣለበት ቀን ድገሙት። አስፋልት ውስጥ ገብቶ የሚሄደውን ለብቻ መዝግቡ። ጥቂቱን አስቁማችሁ ስንት ደቂቃ እንደሚሄድ ጠይቁ፤ ከላይ ያነሳሁት ሂት በዋናነት የሚፈልገው የሰውና የደቂቃ ቁጥር ነው። ማታም ከቆጠራችሁ፣ ጠዋት የወጣው ማታ ስለሚመለስ ሁለት ሰው አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩት።

አንድ ወጥመድ አለ። ስሌቱ «መንገዱ ሲሠራ ስንት አዲስ እግረኛ ይጨመራል?» ተብሎ ብቻ ከተሠራ እናንተ ትከስራላችሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከጉዞው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድሮም በእግር ነውና። መሣሪያው አሁን ያለው ጉዞ ስንት እንደሚያወጣም ያሰላል፤ እሱን አስሉ። የእግረኛ ስሌቱ ከ20 እስከ 74 ዓመት ላሉት ብቻ ስለሆነ ተማሪዎቹን በማመልከቻችሁ ላይ ለብቻ ጻፏቸው። የመጀመሪያው ቆጠራ ቁፋሮ ሳይጀመር ይሁን፤ ከዚያ ወዲያ ሰው መንገድ ይቀይራል።