ከዋቱ በፊት ተክሉንና መስኮቱን ይመልከቱ

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን ላላነበቡት በአጭሩ ልድገመው፦ ደብረ ማርቆስ ውስጥ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድና 35 ከፍታ ያለው አኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) ሳሎንዎ መስኮት ሥር አስቀምጠዋል። ቫሊስኔሪያና አኑቢያስ ተክለዋል። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ፣ መስታወቱም አረንጓዴ እየለበሰ አስቸግሮዎታል። ሻጩ «መብራቱ አንሶ ነው» ብሎ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ትልቅ መብራት እንዲገዙ መክሮዎታል። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ነው ያሉት።

ይቅርብዎ። ባሕር ዳር ሆኜ ለዓመታት ተክል ያለው አኳሪየም ስንከባከብ ኖሬያለሁ። በብርሃን ማነስ የሞተ ተክል ያየሁት ጥቂት ነው፤ በብርሃን መብዛት አልጌ፣ ያ መስታወት የሚያለብሰው አረንጓዴ፣ የወረሰው ገንዳ ግን ብዙ አይቻለሁ።

ምልክቱን እንመልከት። ቢጫ የሆኑት አሮጌዎቹ ቅጠሎች ናቸው ብለዋል። ተክል ናይትሮጅን ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል እየሳበ ለአዲሱ ቡቃያ ስለሚሰጥ መጀመሪያ የሚገረጣው የታችኛው ነው። ብርሃን ያነሰው ተክል ሌላ መልክ አለው፤ ግንድ ያላቸው ዝርያዎች ይቀጥናሉ፣ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ ወደ ላይ ይንጠራራሉ። ተክሎቹን ከገዙ ገና ጥቂት ሳምንታት ከሆነ ደግሞ አሮጌ ቅጠል መጣላቸው የቦታ ለውጥ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱ ቡቃያ ጤናማ ከሆነ አይጨነቁ።

ብርሃን አስተፃምሮ (ተክል ምግቡን የሚሠራበት ሂደት) ብርሃን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ማዕድን አንድ ላይ እንደሚፈልግ ለእርስዎ አልነግርም። ሁለቱን ትቶ ብርሃኑን ብቻ ማብዛት ገለባ ላልቀመሰ በሬ ጅራፍ እንደማብዛት ነው። ተክሉ ያልተጠቀመበትን ብርሃን አልጌው ይጠቀምበታል፤ እርሱ በትንሽ ማዕድን መኖር ይችላል። ስለዚህ ለመብራቱ ካሰቡት ገንዘብ ጥቂቱን ለአኳሪየም ተክል በተዘጋጀ ፈሳሽ ማዳበሪያ ላይ ያውሉት። ለማሳ የሚሆነውን እንዳይጨምሩ፤ በውስጡ ያለው አሞኒያ ዓሣውን ይገድላል።

የመረጧቸው ተክሎች ደግሞ ብዙ ብርሃን የሚሹ አይደሉም። ቫሊስኔሪያ ለእኛ ባዳ አይደለም፤ ጣና ዳርቻ ውኃ ውስጥ ይበቅላል። ክረምት ደለሉ ውኃውን ሲያደፈርሰው ታች የሚደርሰው ብርሃን ትንሽ ነው፤ እርሱ ግን በዚያም ይኖራል። አኑቢያስም ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የደን ጅረቶች የመጣ የጥላ ተክል ነው። እድገቱ አዝጋሚ ስለሆነ በጠንካራ ብርሃን ሥር ሲቀመጥ ቅጠሉ ላይ ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይሰፍርበታል፤ በጥፍር ቢፍቁት እንኳ በቀላሉ አይለቅም። የቫሊስኔሪያው ረጃጅም ቅጠሎች ውኃው ላይ ተኝተው ጥላ በሚጥሉበት በኩል ያድርጉት።

ጥላን ካነሣሁ አይቀር፣ ገንዳዬን ይሸፍንልኛል ብሎ ከጣና እምቦጭ ይዞ የሚሄድ ሰው አለ። እባካችሁ ተዉት። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቃችንን ምን እንዳደረገው የምናውቀው እኛ ነን። ከገንዳ ተቆርጦ የተጣለ አንድ ችግኝ ጨሞጋ ወንዝ ቢገባ ማን ይመልሰዋል?

ወደ መብራቱ ልምጣ። ገንዳዎ እስከ አፉ ቢሞላ 63 ሊትር ይይዛል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማይጨመርበት፣ ጥላ ለሚችሉ ተክሎች በሊትር ከ10 እስከ 20 ሉመን (መብራቱ የሚሰጠው የብርሃን መጠን መለኪያ) የሚለው የተለመደ ስሌት ጥሩ መነሻ ነው፤ ለእርስዎ ከ630 እስከ 1260 ሉመን ማለት ነው። ይህን ከ10 እስከ 12 ዋት የሆነ ተራ ኤልኢዲ ይሰጣል። ዋቱ የሚነግርዎ የሚበላውን ኃይል ስለሆነ ካርቶኑ ላይ ሉመኑን ይፈልጉ። ክብ አምፖል ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትናል፤ ረጅሙ ዘንግ መብራት ከገንዳው ርዝመት ጋር ስለሚሄድ ይሻላል። ቀለሙ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አካባቢ የሆነ ነጭ ይሁን። ክሎሮፊል፣ የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም፣ ቀይና ሰማያዊ ብርሃንን አብልጦ መምጠጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን ነጩ ኤልኢዲ ሁለቱንም በውስጡ ይዟል። ሻጩ ያለዎ ቀይና ሰማያዊ፣ ማለትም ሐምራዊው መብራት፣ ተክል ያሳድጋል፤ ሆኖም በእርሱ ሥር ቅጠሉ ቢጫ ይሁን አረንጓዴ መለየት ስለሚያስቸግር የተክሉን ጤና መከታተል አይቻልም። ብርሃኑ በዛ ካሉ ሌላ መግዛት ሳያስፈልግ መብራቱን ከውኃው ትንሽ ከፍ አድርገው ይስቀሉት።

ከመብራቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ መስኮቱ ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ እስከ 100,000 ሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ) ይደርሳል፤ ሳሎን ውስጥ ያለው የመብራት ብርሃን ግን ጥቂት መቶ ነው። «መስኮቴ ወደ ሰሜን ነው፣ ፀሐይ አይገባም» ብለዋል። በእኛ አገር ይህ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን አዘንብላ ስለምትወጣ ጠዋትና ወደ ማታ በሰሜን መስኮት ትገባለች። ጥያቄዎን የላኩትም በሰኔ ነው። መስታወቱ አረንጓዴ የለበሰው በየትኛው ጎን እንደሆነ ይመልከቱ፤ በመስኮቱ በኩል ከሆነ ምክንያቱን አገኙት። ገንዳውን ማንቀሳቀስ ከከበደ ወፍራም መጋረጃ ይበቃል።

ቀሪው ሰዓት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን 6 ሰዓት ብቻ ያብሩ፤ ለምሳሌ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ ከሥራ ሲመለሱም እንዲያዩት። አልጌው ከቀነሰ ቀስ በቀስ ወደ 8 ያድርሱት። ለዚህ መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር ይግዙ፤ ባትሪ ያለውን ዲጂታል ይምረጡ። የሚሽከረከረው ዓይነት ኤሌክትሪክ በጠፋ ቁጥር አብሮ ቆሞ ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ወር ሳይሞላ መብራቱ እኩለ ሌሊት ሲበራ ያገኙታል። ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ካመለጠዎ ሌሊቱን አብርተው ለማካካስ አይሞክሩ፤ ጤናማ ተክል አንድ ሁለት ቀን ጨለማ አይጎዳውም። በዚያ ሰዓት የሚያሳስበው የዓሣው አየር ነው፤ ተክሉም በጨለማ ኦክስጅን ይጠቀማል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ይኑርዎት። የመብራቱ ገመድም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ ይመለስ፤ የሚወርድ ጠብታ እዚያው መታጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ስፒናው ውስጥ አይገባም።

በመጨረሻ የጠየቁት፣ መሬቱን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍነው ሣር፣ አብዛኛው ዝርያው ጠንካራ ብርሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል። እርሱን ካሰቡ መጀመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያዘጋጁ፤ ጠንካራውን መብራት ከዚያ በኋላ ይግዙ።