መልስ፦ ክሊሪንግ ሀውስ ስጋቱን አጠፋው?

«ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ዴሪቫቲቭ (ዋጋው በሌላ ነገር ዋጋ ላይ የሚመሠረት ውል) በክሊሪንግ ሀውስ እንዲያልፍ ሕጉ ካስገደደ፣ ስጋቱ ቀረ ማለት አይደለም ወይ?» ላልከው፦ አልቀረም፤ ቦታ ነው የቀየረው።

ይህን የሚያስገድዱ ሕጎችን፣ አሜሪካ በ2010 ዶድ-ፍራንክን፣ አውሮፓ በ2012 ኤሚርን አወጡ። ሐሳቡ ደግ ነው። ክሊሪንግ ሀውሱ በገዢና በሻጭ መሀል ይገባል፤ አንዱ ቢከስር ለሌላው እሱ ይከፍላል። ግን በየባንኩ ተበትኖ የነበረው ስጋት ጥቂት ተቋማት ጫንቃ ላይ ተከመረ።

ስቶክሆልምን እይ። በ2018 አንድ የኤሌክትሪክ ገበያ ነጋዴ ናስዳክ ክሊሪንግ የተባለው ክሊሪንግ ሀውስ ላይ መክፈል አቃተው። አንድ ግለሰብ ነው፣ ባንክ እንኳ አይደለም! ቢከስር ማካካሻ እንዲሆን ያስያዘው መያዣ አልበቃም። የክሊሪንግ ሀውሱ አባላት ለክፉ ቀን ካዋጡት የጋራ ፈንድ 107 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተበላ። እጃቸው የሌለበት ሁሉ ከፈሉ።

ሌላም አለ። ገበያ ሲናወጥ ክሊሪንግ ሀውሱ «መያዣ ጨምሩ» ይላል፤ ያውም በጥሬ ገንዘብ፣ ያውም ቶሎ። ሁሉም ገንዘብ ፍለጋ ያለውን ሲሸጥ ዋጋ ይብስ ይወርዳል። በ2022 የኖርዲክ (የሰሜን አውሮፓ) ኤሌክትሪክ አምራቾች በዚሁ መያዣ ታንቀው፣ የስዊድንና የፊንላንድ መንግሥታት የብድርና የዋስትና ድጋፍ ይዘው ደረሱላቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ክሊሪንግ ሀውሱ ራሱ ከወደቀ ነው። ዶድ-ፍራንክ ፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) በክፉ ቀን ለክሊሪንግ ሀውሶች እንዲያበድር በር ከፍቷል። ግብር ከፋዩን ላለማስከፈል የወጣ ሕግ መሆኑን አትርሳ።