ሚዛን የማያሳየው ለውጥ፦ ከአንድ የልብ ሐኪም ለወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

በልብ ሕክምና ላይ በቆየሁባቸው ዘመናት በእናንተ ዕድሜ ካሉ ሰዎች ደጋግሞ የቀረበልኝ ጥያቄ «ክብደት ለመቀነስ አመጋገብ ይሻላል ወይስ ስፖርት?» የሚል ነው። ሁለቱ ሥራቸው ለየቅል ስለሆነ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው አያዋጣም።

ኪሎ በማውረድ በኩል ሚዛን የሚደፋው ምግብ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ሲራመድ የሚያቃጥለው ወደ 150 ካሎሪ ገደማ ሲሆን፣ አንድ ጣሳ ለስላሳ መጠጥ ይህንኑ በጥቂት ደቂቃ ይተካዋል። ከስፖርት በኋላ «ዛሬማ ይገባኛል» እያሉ የሚበሉትን ሳይ የማዝነው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ በምግብ ቅነሳ ብቻ የሚወርደው ክብደት ሁሉ ስብ አይደለም፤ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል፤ ጡንቻ ሲያንስ ደግሞ ሰውነት በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ጉልበት ስለሚቀንስ የወረደው ኪሎ በቀላሉ ይመለሳል። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት መሥራት የሚመከርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የልብ ነገር ግን ከኪሎም ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ብሪታኒያዊው ሐኪም ጄረሚ ሞሪስና ባልደረቦቻቸው የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አጥንተው፣ ተቀምጠው የሚውሉት ሾፌሮች የአውቶቡሱን ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይበልጥ በልብ ደም ሥር በሽታ እንደሚጠቁ አሳዩ። ምናልባት ሾፌሮቹ ወፍራም ስለሆኑ ይሆን ብለው የደንብ ልብሳቸውን የወገብ ልክ ሳይቀር መረመሩ፤ ሾፌሮቹ በእርግጥም ሰፋ ያለ ሱሪ ይለብሱ ነበር፤ ልዩነቱን ግን የሰውነት ውፍረት ብቻውን ሊያስረዳው አልቻለም።

በአንጻሩ ስፖርት ብቻውን የማይወጣው ሥራም አለ። ጎጂው ኮሌስትሮል በእንቅስቃሴ ብቻ እምብዛም አይወርድም፤ እንደ ቅቤ ያለ የሚረጋ ቅባትን በፈሳሽ የአትክልት ዘይት መተካት፣ ጥራጥሬና አትክልት ማብዛት ግን ያወርደዋል። ጨውም በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ባይበልጥ ለደም ግፊት ይበጃል።

የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው እየተራመዳችሁ ማውራት የምትችሉበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅታችሁ ፍጥነት ነው። ክብደት የበዛበት ሰው ከኪሎው 5 በመቶውን ብቻ ቢቀንስ እንኳ የደም ግፊቱና የደም ስኳሩ ሊሻሻል ይችላል። ስለዚህ ሚዛኑ ለሳምንታት አልንቀሳቀስ ቢላችሁ ስፖርቱን አትተዉ፤ ወገባችሁን ለኩ፣ የደም ግፊታችሁንም አስለኩ። በእንቅስቃሴ ላይ ሳላችሁ ደረታችሁን የሚጨመድድ ሕመም ወይም ራስን የሚያስት ስሜት ከመጣ ግን ወዲያውኑ አቁማችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።