የኬልቶች ሳንቲም ላይ ስላለው ፈረስ ጠይቁ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፈረሱ ምንን ይወክላል?

መልስ፦ የማን ፈረስ? ኬልቶች የጥንት አውሮፓ ጎሣዎች ናቸው፤ ከዳኑብ ወንዝ እስከ ብሪታንያ ስንቱ ሕዝባቸው ሳንቲም አትሟል። መጀመሪያ ጎሣውን ንገሩኝ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ የፓሪሲዎች። ዛሬ ፓሪስ ያለችበት አካባቢ የኖሩት።

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ነው! ነገሩ የሚጀምረው መቄዶንያ ነው። የእስክንድር አባት ዳግማዊ ፊልጶስ የወርቅ ሳንቲም ነበረው። በአንድ ፊቱ የግሪኮች አምላክ አፖሎ፣ በሌላው ሁለት ፈረስ የሚስበው ሠረገላ። ኬልቶች በቅጥር ወታደርነት ግሪኮች ዘንድ ያገለግሉ ነበር፤ ሳንቲሙን ያወቁት በደሞዝ መልክ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ራሳቸው ማተም ያዙ። ቅጂ ከቅጂ ሲወለድ ሠረገላው ተበታተነ። ሁለቱ ፈረሶች አንድ ሆኑ። ብዙ ቦታ ከሠረገላው የተረፈው ከፈረሱ ሆድ ሥር ያለች አንዲት መንኮራኩር ናት። ፓሪሲዎች ደግሞ ከፈረሱ በላይ መረብ የመሰለ ነገር ዘረጉ። «መሳል አቅቷቸው ነው» የሚል ሰው ያናድደኛል። እንዲህ የተዋበ መስመር ያልቻለ እጅ አያወጣውም! ሁሉን እየጣሉ ፈረሱን ያቆዩት ወደውት ነው። የሮማው የጦር መሪ ቄሳር እንኳ የጎልን (የዛሬዋን ፈረንሳይ አካባቢ) መኳንንት «ፈረሰኞች» እያለ ነው የጻፈው። ፈረስ ማዕረግ ነበር።

ጥያቄ፦ መንኮራኩሯ ፀሐይ ናት ይባላል።

መልስ፦ ትሆናለች። መንኮራኩር የያዘ አምላክም ነበራቸው። የሠረገላ ትርፍ መሆኗ ግን አይቀርም።

ጥያቄ፦ ፈረሱ ኤፖና ናት አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ኤፖና የፈረሶች አምላክ ናት፤ ምስሎቿ በብዛት ከሮማውያን ዘመን ናቸው። ላገኛችሁት ፈረስ ሁሉ ስሟን አትለጥፉ።

ጥያቄ፦ የሰው ራስ ያለው ፈረስ አየሁ።

መልስ፦ አርሞሪካ፣ ሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ። ትርጉሙን ጽፎ የተወልን ኬልት የለም። በእርግጠኝነት የሚያወራችሁን ጠርጥሩ።

አባል 1፦ የአክሱም ሳንቲም ላይ የእህል ዛላ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ኩኖቤሊን የሚባለው ንጉሥም በአንድ ፊት ዛላ፣ በሌላው ፈረስ አሳትሟል። ከእኛ ወስዶ ነው!

አባል 2፦ ኧረ ባክህ! እሱ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ሞቷል። አክሱም ማተም የጀመረችው በ3ኛው መጨረሻ ነው።

አባል 1፦ እንግዲያው የእኛ ለምን ፈረስ የለውም?

መልስ፦ አክሱም ሌላ ቀን። ከርዕስ አትውጡ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ አሁን ነው የገባሁት። ፈረሱ ምንን ይወክላል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። ጎሣውን ብያለሁ፣ ጎሣውን!

ጥያቄ፦ ኦንላይን የሚሸጥ አንድ አግኝቻለሁ፤ ልግዛ?

መልስ፦ በፎቶ አልፈርድም። አስመስሎ የተሠራ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ጎሣው ግን ተጽፏል፣ ፓሪሲ ይላል።

መልስ፦ ሻጩ ነው የጻፈው።